መጨረሻ የሚናገር

መቲ ላይ ዝናብ ከያዘ መንገደኛ ሥራ ፈት ይሆናል። በጋምቤላ የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ በደን የተከበበች ናት፤ ሰማዩ እስኪከፍት ድረስ የቡናና የማር ነጋዴው፣ ሹፌሩም እንግዳውም የሚሰበሰበው ሻይ ቤት ነው። እኔም ወደ ቴፒ የሚወስደኝን መኪና ስጠብቅ ካርታ ከሚጫወቱ ሰዎች መሐል ገባሁ። የለመድነው ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ፖከር ሆኖ አገኘሁት። ውጭ አገር ቆይቶ የተመለሰ አንድ ሹፌር አስተምሯቸዋል አሉኝ።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም በጋራ ይገለጣል። አምስተኛዋንና የመጨረሻዋን ካርታ ቁማርተኞች «ወንዝ» ይሏታል። ወንዟ ስትገለጥ እኔ ሁለት ጥንድ ይዣለሁ። ተራው ከእኔ ይጀምራል፤ መጨረሻ የሚናገሩት አንድ ጠና ያሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። ቸኮልኩና ከመሳፈሪያዬ ላይ 200 ብር አስቀመጥኩ። መሐል ያለው ሰው ካርታውን ጣለ። ሽማግሌው ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው 600 አደረጉት። ሊያስፈራሩኝ ነው ብዬ ጨመርኩ። ሦስት ስምንት ገለጡ።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁብኝ?»

«አንተ የያዝከውን ነገርከኝ፤ እኔ ግን የያዝኩትን አልነገርኩህም፣ ልጄ» አሉ።

ሌሊቱን ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ከወንዟ በኋላ የሚመጣ ካርታ የለም፤ ተስፋ የሚደረግበት ነገር አልቋል። ስለዚህ እዚያ ላይ ብር ማስቀመጥ ሁለት ጥቅም ብቻ አለው፦ ያነሰ ካርታ የያዘው እንዲከፍል፣ አለበለዚያም የተሻለ የያዘው እንዲጥል። የእኔን 200 ብር ያነሰ የያዘው ሰው አይቶ ጣለ፤ የተሻለ የያዙት ሽማግሌ ጨመሩበት። ሁለቱም ጥቅም ቀረብኝ። መጨረሻ ተናጋሪው ሌሎቹ ያደረጉትን ሁሉ አይቶ ይወስናል፤ ካርታው መካከለኛ ከሆነ ያልፍና ሳይከፍል ያያል።

ይህን በስሌት ያስቀመጠው ሀንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ጆን ፎን ኖይማን ነው። ስለ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፎ፣ በ1944 ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ለፖከር አንድ ክፍል ሰጥቶታል። በሁለት ሰዎች ቀላል ጨዋታ ላይ የደረሰበት ውጤት ይገርማል፦ በጣም ጥሩ የያዘ ይወራረድ፤ በጣም መጥፎ የያዘም አንዳንዴ እያስመሰለ ይወራረድ፤ መካከለኛ የያዘ ግን ይለፍ። ሁለቱ ጥንዶቼ መካከለኛ ነበሩ።

ለነገሩ ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጥንቶቹ መኳንንት ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል፤ በ1860 የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም ሕጉን ጽፎ አስቀርቷል። የእኛን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው መክፈቻው ነው። «ወረራ» ይሉታል። ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች መደቁን፣ ፈረሱን፣ ደሩን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። ታዲያ ብልሁ ተጫዋች እጁን ያዘገያል። የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል፤ ያነሳውን መልሶ እስከማስቀመጥ ይደርሳል። ያ ሌላው እየቸኮለ ሲወጣ፣ ይህኛው የሚያየው ነገር እየበዛ ይሄዳል። ፖከር መጨረሻ ተናጋሪነትን በወንበር ያድላል፤ በወረራ ግን ትዕግሥት ያለው ራሱ ይይዘዋል። ማዘግየቱም ገደብ አለው፤ ባላጋራው አንድ ጠጠር ከበላ ወረራው ያበቃል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም። በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ መኪናው ሲመጣ ሽማግሌው ጠሩኝ። መሳፈሪያዬን ከራሴው ብር ላይ ቆጥረው ሰጡኝ። የቀረውን ኪሳቸው ከተቱት፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።