ቦታውን የጠየቁ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች



ስለ አንድ ሐኪም ሲነገረን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስንት ሰው እንዳዳነ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሕመምተኛውን ካከሙ በኋላ «ይህ በሽታ የት የት ይገኛል?» ብለው ስለ ጠየቁ ሁለት ቀዶ ሐኪሞች ነው። የአንደኛው ጥያቄ የካንሰርን ምርምር ቀይሯል። የሁለተኛው ደግሞ እኛኑ የጎጃም ሰዎች ይመለከታል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት በ1911 በአየርላንድ ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው በአደጋ አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም ቀዶ ሐኪም ከመሆን አላገዳቸውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኡጋንዳ ሄደው በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሠሩ። በ1957 መንጋጋው በሁለቱም ጎን ያበጠ የአምስት ዓመት ልጅ አሳዩዋቸው። ብዙም ሳይቆይ በጂንጃ ሆስፒታል ተመሳሳይ እብጠት ያለበት ሌላ ልጅ አዩ፤ የዚህኛው ሆድም ውስጥ እብጠት ነበረ። አጋጣሚ ነው ብለው አላለፉትም። የቆዩ መዝገቦችን አገላበጡ። የመንጋጋ፣ የሆድ እየተባለ ለየብቻ ሲመዘገብ የኖረው የልጆች ካንሰር አንድ በሽታ መሆኑን ተረዱ፤ በ1958ም ጽፈው አሳተሙ።

ቀዶ ሕክምናው ልጆቹን አላዳናቸውም። ስለዚህ ዶክተር በርኪት ለአፍሪካ ሆስፒታሎች ፎቶግራፍ እየላኩ «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። በ1961 መጨረሻ ላይ በ250 ፓውንድ በተገዛ አሮጌ መኪና ከሁለት ሐኪሞች ጋር ተጓዙ። በአሥር ሳምንት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው ወደ 60 የሚጠጉ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። ካርታው ሲሞላ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባ በሚበዛበት ቆላ እንደሚገኝ ታየ። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን እምብዛም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ያደረጉትን ንግግር የሰሙት አንቶኒ ኤፕስታይን ከኡጋንዳ የተላከላቸውን ናሙና መርምረው፣ በ1964 ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ቫይረስ አገኙ። ከሰው ካንሰር ጋር ግንኙነት እንዳለው የታወቀው የመጀመሪያው ቫይረስ ይህ ነው። ዶክተር በርኪትም በመድኃኒት ማከም ጀምረው አንዳንዶቹ ልጆች ያለ ቀዶ ሕክምና ዳኑ።

በእኛ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሱት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እሳቸውም ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። የእሳቸው ጥናት በካንሰር ላይ ሳይሆን ዝሆኔ በምንለው የእግር እብጠት ላይ ነበር። በሌሎች አገሮች ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። እዚህ ደጋው ላይ ግን በሽታው በዚያ ትል የሚመጣ አልነበረም። ፕራይስ በሽታው የሚበዛባቸውን ቦታዎች ሲያጠኑ ዝናብ የሚበዛበት፣ ቀይ አፈር ያለው ደጋና ወይና ደጋ ሆኖ አገኙት። ከሕሙማን ብሽሽት በተወሰደ ዕጢ ውስጥም የአፈር ብናኝ ተገኘ። በባዶ እግር ስንሄድ ደቃቁ አፈር በቆዳ ገብቶ እግርን ያሳብጣል ማለት ነው። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው። በ1990 በመጽሐፍ አሳተሙት።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2012 በታተመ ጥናት በጎረቤታችን ደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 51,017 ሰዎች መካከል 1,704ቱ ይህ በሽታ ነበረባቸው። ከመቶ ከሦስት ሰው በላይ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች በዘር በሚወርስ ተፈጥሮ ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳየ። በዘር መውረሱ እርግማን አያደርገውም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በመካከላችን ግን እግሯ ያበጠ ልጅ ለትዳር ትታለፋለች፤ እህቶቿም አብረው ይታለፋሉ። ለቅሶና ሠርግ የቀረች፣ ገበያ መውጣት ያፈረች ሴት ስንት ናት? ለዚህ ሁሉ መነሻው አፈር ነው፤ መከላከያውም ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ነው። ለታመመውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ ማጠብና ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በየጊዜው የሚነሳውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሁለቱ ሐኪሞች በሽታው ያለበትን ቦታ ያወቁት ጠይቀውና መዝግበው ነው። እኛም ለቁጠባችን መዝገብ አለን። በየቡድናችን እግሯ ማበጥ የጀመረ ማን እንደሆነች፣ ጫማ የሌለው ልጅ በየትኛው ቤት እንዳለ በጨዋነት ጠይቀን እንወቅ። የታመመችውን ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኛት፤ ለልጆች ጫማም ከማኅበራዊ ፈንዳችን ጥቂት እንመድብ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ ሐሳቤን አቀርባለሁ።