የበርበራ ባሕር ሲዘጋ



በደገሀቡር ባሕር የለም፤ በጀረር ሸለቆም ጀልባ አይነዳም። ይሁን እንጂ አያቶቻችን ቅቤውን፣ ቆዳውንና ሙጫውን በግመል ጭነው ወደ በርበራ የሚወርዱበትን ወር የሚወስንላቸው የባሕር ነፋስ እንደ ነበር ልብ በሉ።

ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ያን ጊዜ ባሕሩ ክፍት ነው። ሐጋ ሲገባ ግን ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ በተለይም በሐምሌ በራስ ዓሲር አካባቢ እጅግ ይበረታል። በ1855 እ.ኤ.አ. በርበራን ያየው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ከኦጋዴንና ከሐረር በሚመጣ ቅፍለት የምትጨናነቀው ገበያ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ባዶ የባሕር ዳርቻ ሆና እንደምትቀር ጽፏል።

መንገድ ላይ ሳሉ ነፋስ ቢበረታባቸውስ? የዚያ ዘመን ጀልባ ሸራ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ምሰሶው ላይ በተንጠለጠለ ረጅም አግዳሚ እንጨት ይታሰራል። እንደ ፈረንጆቹ መርከብ እዚያው እንዳለ እያጠፉ የሚያሳጥሩት አይደለም። ናኹዳው ነፋሱ ሳይደርስበት አግዳሚውን ከነሸራው አስወርዶ ትልቁን ሸራ ያስፈታል፤ በምትኩ ትንሹን አሳስሮ እንደገና ያሰቅላል። ይህ የብዙ ሰው ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከዘገየም አይሆንም። አቅጣጫ ሲለውጡም ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይዞራሉ። ነፋሱ በፊት በኩል ከገባ ሸራው ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ምሰሶውን ሊሰብር፣ ጀልባዋንም ሊገለብጥ ይችላል።

ነጋዴ ዕቃው ሳይጫን ሲቀርበት ናኹዳውን መጎትጎቱ አይቀርም። በእኔ አስተያየት ከሸራው ብልሃት ይልቅ የሚከብደው በዚያ ሰዓት «ዘንድሮ ጊዜው አልፏል» ብሎ መቅረት ነው። ጁልፋር የተወለደው አሕመድ ኢብን ማጂድ በ1490 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፈው የባሕር መጽሐፍ፣ ከየወደቡ የሚነሡበትን ቀን በፀሐይ አቆጣጠር ዘርዝሯል። (ቫስኮ ዳ ጋማን በ1498 እ.ኤ.አ. ወደ ሕንድ የመራው እርሱ ነው የሚለውን ወሬ የዛሬ ሊቃውንት አይቀበሉትም።)

በፀሐይ መቁጠሩ ምክንያት አለው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር የሐጅ ወር ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል፤ ነፋሱ ግን ወቅቱን አይለቅም። ሐጅ በሐጋ በሚውልባቸው ዓመታት ከበርበራ ዓደን ያለውን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር በሸራ ለመሻገር ያሰበ ሰው መከራው ብዙ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ በዚያ ወቅት ነፋሱ ከሰሜን ስለሆነ ወደ ጂዳ የሚወጣውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ባሕሩ ሳይዘጋ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ መሻገር፣ ስንቁንም ለዚያው ያህል ጊዜ አስቦ መያዝ ይኖርበታል። ሐጁን ከፈጸመ በኋላም ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ በርበራ ሲወርድ የኦጋዴን ግመሎች የሚገቡበት ወቅት ደርሶ ያገኘዋል።