የለንደን ከተማ አውቶቡሶች ታሪክ

የለንደን ከተማ አውቶቡሶች በብሪታንያ ዋና ከተማ በለንደን የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት የሚሰጡ፣ በቀይ ቀለማቸውና በባለ ሁለት ፎቅ ቅርጻቸው በዓለም ዙሪያ የሚታወቁ ተሽከርካሪዎች ናቸው። አገልግሎቱ በ1829 በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ተጀምሮ ዛሬ በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩ አውቶቡሶች ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባስ» የሚለው ቃል «ኦምኒባስ» ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «ለሁሉም» ማለት ነው። ሆኖም የለንደን አውቶቡስ እንደ ስሙ ለሁሉም የሆነው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ድሃው በዋጋው ምክንያት፣ በኋላም አካል ጉዳተኛው በመግቢያው ደረጃ ምክንያት ከአገልግሎቱ ውጭ ሆነው ኖረዋል። የአውቶቡሶቹ መለዋወጥም ከሞተርና ከቅርጽ ለውጥ ባሻገር ማን ሊሳፈር እንደሚችል የወሰነ ታሪክ ነው።

የፈረስ ዘመን

የመጀመሪያውን የለንደን ኦምኒባስ ያስጀመረው ጆርጅ ሺሊቢር የተባለ ሠረገላ ሠሪ ነው። ሺሊቢር በፓሪስ ሲሠራ ያየውን አገልግሎት ወደ አገሩ አምጥቶ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1829 ከፓዲንግተን እስከ ባንክ ባለው መስመር ሥራ ጀመረ። ሠረገላው በሦስት ፈረሶች የሚጎተት ሲሆን ሃያ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። የሙሉ ጉዞው ዋጋ አንድ ሺሊንግ በመሆኑ ደንበኞቹ ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች እንጂ የቀን ሠራተኞች አልነበሩም። ሺሊቢር ራሱም በውድድር ተሸንፎ ለኪሳራ ተዳረገ።

በዚያን ጊዜ በከተማዋ መሃል መንገደኛን ከመንገድ ላይ የመጫን መብት የኪራይ ሠረገላዎች ብቻ ነበር። በ1832 የወጣ ሕግ ይህን ብቸኛ መብት ስላስቀረ ኦምኒባሶች በመሃል ከተማ እየቆሙ ሰው መጫንና ማውረድ ቻሉ። በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ወቅት የተሳፋሪው ብዛት ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ባለንብረቶች ጣሪያውን ለመቀመጫነት በስፋት መጠቀም ጀመሩ። የባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ መነሻ ይኸው የጣሪያ ወንበር ነው። ወደ ላይ የሚወጣው በመሰላል በመሆኑና ቦታው ለዝናብና ለብርድ የተጋለጠ በመሆኑ በላይኛው ክፍል የሚቀመጡት ለረጅም ጊዜ ወንዶች ብቻ ነበሩ። በ1880ዎቹ ጠመዝማዛ ደረጃ ሲገባ ሴቶችም ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ።

በ1855 በፈረንሳይ ባለሀብቶች የተቋቋመው የለንደን ጠቅላላ ኦምኒባስ ኩባንያ በአጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹን የከተማዋን ኦምኒባሶች ገዝቶ ጠቀለለ። ሥራው ግን ከባድ ወጪ ነበረበት። ፈረሶች በየጥቂት ሰዓቱ መቀየር ስላለባቸው አንድ ኦምኒባስ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ አሥራ አንድ ያህል ፈረስ ያስፈልገው ነበር። የመኖ፣ የጋጣና የባልደራስ ወጪ ዋጋው እንዳይወርድ አድርጎታል። ሠራተኛው ሕዝብ በብዛት መጓዝ የጀመረው ከ1870 በኋላ በሐዲድ ላይ የሚሄደው ትራም ሲመጣ ነው፤ በሐዲድ ላይ ሁለት ፈረሶች ብዙ ሰው መጎተት ስለሚችሉ የትራም ዋጋ ዝቅተኛ ነበር።

ሞተር መምጣቱና አንደኛው የዓለም ጦርነት

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገቡት ባለሞተር አውቶቡሶች ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የተገዙ፣ ጩኸታቸው የበዛና ቶሎ ቶሎ የሚበላሹ ነበሩ። ኩባንያው የተለያየ መለዋወጫ ከማሳደድ የራሱን አውቶቡስ መሥራት መረጠ። በ1910 በዋልተምስቶ ፋብሪካው የሠራው «ቢ-ታይፕ» የተባለው አውቶቡስ 34 ወንበሮች ነበሩት። ሁሉም አንድ ዓይነት በመሆናቸው የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል፤ ጥገናውም ፈጣን ሆነ። ኩባንያው የመጨረሻውን የፈረስ አውቶቡስ በጥቅምት 1911 አሰናበተ። በመላ ከተማዋ የመጨረሻው የሌላ ኩባንያ የፈረስ አውቶቡስ ሥራውን ያቆመው በነሐሴ 1914 ነው።

ቀዩ ቀለምም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። የለንደን ጠቅላላ ኦምኒባስ ኩባንያ ከተፎካካሪዎቹ ለመለየት በ1907 አውቶቡሶቹን ቀይ ቀባ። ኩባንያው የከተማዋን አብዛኛውን አገልግሎት ሲጠቀልል ቀለሙ የከተማዋ መለያ ሆነ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሠራዊቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቢ-ታይፕ አውቶቡሶችን ወስዶ ወታደሮችን ወደ ፈረንሳይና ቤልጂየም ግንባሮች ለማመላለስ ተጠቀመባቸው። ቀያቸው በወታደራዊ ቀለም ተሸፈነ፤ መስኮቶቻቸው በጣውላ ተደፈኑ። አንዳንዶቹ መልእክተኛ ርግቦች ማደሪያ ሆነዋል። በለንደን ደግሞ ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ ከ1915 ጀምሮ ሴቶች ትኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ቦታውን ለተመለሱት ወንዶች እንዲለቁ ተደርገዋል።

አንድ ከተማ፣ አንድ ድርጅት

በ1920ዎቹ በርካታ ትናንሽ ባለንብረቶች ብዙ ሰው ወዳለባቸው መስመሮች ብቻ እየገቡ ተሳፋሪ ይሻሙ ነበር። በሥራ መውጫ ሰዓት በዋና ዋና መንገዶች ላይ አውቶቡሶች ይሽቀዳደማሉ፤ ዳር ያሉ ሰፈሮች ግን አገልግሎት ያጣሉ። ይህን ለማስተካከል ሐምሌ 1 ቀን 1933 የለንደን ተሳፋሪ ትራንስፖርት ቦርድ ተቋቁሞ አውቶቡሱን፣ ትራሙን፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደውን ትሮሊባስና የምድር ውስጥ ባቡሩን አንድ ላይ ማስተዳደር ጀመረ። ትርፍ ካለው መስመር የሚገኘው ገቢ ትርፍ የሌለውን ለመደገፍ ያስቻለው ይህ አደረጃጀት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውቶቡሶቹ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በጥቅምት 1940 በባልሃም የወደቀ ቦምብ መንገዱን ሰንጥቆ፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ በጨለማ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ የአውቶቡሱ ፎቶግራፍ የከተማዋ የጦርነት ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1939 የተጀመረው «አርቲ» የተባለው ሞዴል በብዛት ተመረተ። ከቅርብ ዘመዶቹ ሞዴሎች ጋር ቁጥሩ ወደ 7,000 ይጠጋል። እነዚህን አውቶቡሶች የሚያድሰው በለንደን ዳርቻ የሚገኘው የአልደንሃም ጋራዥ ነበር። በዚህ ጋራዥ የአውቶቡሱ ቦዲ ከሻንሲው ተነሥቶ ሁለቱም ለየብቻ ይታደሳሉ፤ ሲጨርሱም ቦዲው ቀድሞ ዝግጁ በሆነው ሌላ ሻንሲ ላይ ይገጠማል። በዚህ ዘዴ ያረጀ አውቶቡስ እንደ አዲስ ሆኖ ወደ መስመሩ ይመለስ ነበር።

ሩትማስተር

የለንደን አውቶቡሶች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ሩትማስተር የተነደፈው በራሱ በከተማው የትራንስፖርት ድርጅት መሐንዲሶች ነው። ሥራውን የመሩት አልበርት ዱራንት ሲሆኑ መልኩን የቀረጸው ዳግላስ ስኮት ነው። ድርጅቱ በጦርነቱ ወቅት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን በመገጣጠም ያገኘውን የአሉሚኒየም ሥራ ልምድ ተጠቅሞ ቀላል ቦዲ ሠራ። በዚህም ምክንያት 64 ወንበር ያለው ሩትማስተር፣ 56 ወንበር ከነበረው ከአርቲ ብዙም አይከብድም ነበር። አውቶማቲክ ማርሽና በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ የሾፌሩን ድካም አቃልለዋል።

የመጀመሪያው ናሙና በ1954 ለሕዝብ ታየ፤ በየካቲት 1956 በ2 ቁጥር መስመር ተሳፋሪ መጫን ጀመረ። እስከ 1968 ድረስ 2,876 ሩትማስተሮች ተመርተዋል። ብዙዎቹ እስከ 1962 ድረስ አገልግሎታቸውን ያቆሙትን ትሮሊባሶች ተክተዋል። ከኋላ በኩል በር የሌለው ክፍት መሳፈሪያ ስላላቸው ሰው በፍጥነት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ትኬት ቆራጩም ውስጥ እየተዘዋወረ ሒሳብ ስለሚሰበስብ ሾፌሩ አይዘገይም።

አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን በቂ አልነበረም። ደመወዙ ዝቅተኛ፣ የሥራ ሰዓቱ የማይመች በመሆኑ ለንደናውያን ወደ ሌላ ሥራ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ድርጅቱ በ1956 ወደ ባርቤዶስ ደሴት ሄዶ ሠራተኛ መመልመል ጀመረ። የባርቤዶስ መንግሥት የመጓጓዣውን ገንዘብ በብድር ይሰጥ ነበር፤ ሠራተኞቹም ከደመወዛቸው ይከፍላሉ። በ1966 ምልመላው ወደ ትሪኒዳድና ጃማይካ ሰፋ። ከካሪቢያን የመጡት ሠራተኞች የከተማዋን ትራንስፖርት ቢያቆሙም ወደ ተቆጣጣሪነት ማደግ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር።

ያለ ትኬት ቆራጭ የመሥራት ሙከራ

የግል መኪና እየበዛ ተሳፋሪው ሲቀንስ ድርጅቱ ወጪ ለመቆጠብ ትኬት ቆራጩን ለማስቀረት ወሰነ። በ1971 የገቡት «ዲኤምኤስ» የተባሉት ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች በፊት በር የሚገባባቸውና ሾፌሩ ራሱ ሒሳብ የሚቀበልባቸው ነበሩ። ከ2,600 በላይ ተገዙ። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በየፌርማታው ሰልፉ ረዘመ፣ የትኬት ማሽኖቹ ይበላሹ ነበር፤ አሠራራቸውም ቦዲና ሻንሲን ከሚለያየው የአልደንሃም የጥገና ዘዴ ጋር አልተስማማም። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ብቻ ሠርተው ተሸጡ፤ ከፊሎቹ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዱ። ሊተኳቸው የመጡባቸው ሩትማስተሮች ግን መሥራታቸውን ቀጠሉ።

በ1981 የታላቋ ለንደን ምክር ቤት የአውቶቡስና የባቡር ዋጋን በ32 በመቶ ቀነሰ። የተሳፋሪው ቁጥር ጨመረ፤ ነገር ግን የብሮምሊ ክፍለ ከተማ ለዚህ ድጎማ ግብር መክፈል የለብንም ብሎ ከሰሰ። በታኅሣሥ 1981 ከፍተኛው ፍርድ ሰሚ አካል የዋጋ ቅነሳውን ሕገ ወጥ ስላለው በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው እጥፍ ሆነ። ጉዳዩ ብዙዎች በአነስተኛ ዋጋ እንዲጓዙ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ያወጣ ክርክር ነበር።

የባለቤትነት ለውጥ

በ1984 የለንደን ትራንስፖርት ከከተማው ምክር ቤት ተወስዶ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ገባ። ከ1985 ጀምሮ መስመሮች በጨረታ መሰጠት ጀመሩ፤ በ1994 እና 1995 ደግሞ የአውቶቡስ ኩባንያዎቹ ለግል ባለሀብት ተሸጡ። ይሁን እንጂ ለንደን ከሌሎች የብሪታንያ ከተሞች በአንድ ነገር ተለየች። በሌሎቹ ከተሞች ከ1986 ጀምሮ ኩባንያዎች መስመርና ዋጋ ራሳቸው እንዲወስኑ ሲፈቀድ፣ በለንደን መስመሩን፣ የጉዞ ሰዓቱንና ዋጋውን የሚወስነው የመንግሥት ተቋም ሆኖ ቀረ። ከ2000 ወዲህ ይህን ኃላፊነት የያዘው በከተማዋ ከንቲባ የሚመራው «ትራንስፖርት ፎር ለንደን» ነው። ስለዚህ ዛሬ በለንደን የሚታዩት ቀይ አውቶቡሶች አንድ ቢመስሉም አብዛኞቹ የልዩ ልዩ የግል ኩባንያዎች ንብረት ናቸው።

የደረጃው ችግር

የሩትማስተር ክፍት መሳፈሪያ ለሮጦ ለሚሳፈር ሰው ምቹ ቢሆንም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተዘጋ በር ነበር። ከፍ ያለ ወለልና ጠባብ መግቢያ ያላቸው ሌሎች አውቶቡሶችም እንዲሁ ነበሩ። በ1990ዎቹ አካል ጉዳተኞች በለንደን መንገዶች ላይ ወጥተው፣ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ከአውቶቡስ ጋር በሰንሰለት አስረው ተቃውሟቸውን አሰሙ። በ1995 የአካል ጉዳተኞችን መገለል የሚከለክል ሕግ ወጣ። ወለላቸው ዝቅ ያለና መወጣጫ ያላቸው አውቶቡሶች ቀስ በቀስ ገቡ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2005 የመጨረሻው መደበኛ ሩትማስተር በ159 ቁጥር መስመር ተሰናበተ። ብዙ ሕዝብ ለስንብቱ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂቶቹ ለቅርስነት በተመረጡ መስመሮች ላይ ቢቆዩም የቀሩት የከተማዋ አውቶቡሶች ሁሉ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመቹ ሆኑ። ቀጣዩን ፌርማታ በድምፅና በጽሑፍ የሚያሳውቀው ሥርዓት በ2009 ተሟልቶ ማየትና መስማት ለተሳናቸው መንገደኞች ጠቀመ።

በ2002 የገቡት በመሃላቸው የሚተጣጠፉ 18 ሜትር ርዝመት ያላቸው አውቶቡሶች ብዙ ሰው ቢይዙም፣ ሳይከፍሉ ለሚሳፈሩ ያመቻሉ፣ ለጠባብ መንገድም አይሆኑም በሚል ክርክር በ2011 መጨረሻ ተወገዱ። በየካቲት 2012 ሩትማስተርን የሚያስታውስ፣ በቶማስ ሄዘርዊክ የተቀረጸ አዲስ ሞዴል በ38 ቁጥር መስመር ሥራ ጀመረ። 1,000 ያህል ተሠርተዋል። የላይኛው ክፍል በበጋ እጅግ ስለሚሞቅ በኋላ የሚከፈት መስኮት እንዲገጠምላቸው አስፈልጓል፤ የኋላው ክፍት መሳፈሪያም ተጨማሪ ሠራተኛ ስለሚጠይቅ ክፍት ሆኖ መሥራቱ ቆመ።

አየርና ኤሌክትሪክ

በዘመናችን ዋናው ጥያቄ የአየር ብክለት ነው። የናፍጣ ጭስ በተለይ በዋና ዋና መንገዶች ዳር በሚኖሩ ሰዎችና በሕፃናት ጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል። ለንደን መጀመሪያ ናፍጣንና ኤሌክትሪክን የሚያጣምሩ አውቶቡሶችን አስገባች፤ የቀሩትን የናፍጣ አውቶቡሶችም የጭሳቸውን መጠን የሚቀንስ መሣሪያ ገጠመችላቸው። በ2023 ምንም ጭስ የማያወጡት አውቶቡሶች ከ1,000 በላይ ደረሱ፤ አብዛኞቹ በባትሪ፣ ጥቂቶቹ በሃይድሮጂን ይሠራሉ። ከተማዋ ከ8,000 በላይ የሆኑትን አውቶቡሶቿን በሙሉ እስከ 2034 ከጭስ ነፃ ለማድረግ አቅዳለች። ለነዳጅ ታስበው የተሠሩ ዴፖዎች ሌሊቱን ብዙ አውቶቡስ የሚሞላ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያስፈልጋቸው፣ ለውጡ አውቶቡስ በመግዛት ብቻ አይጠናቀቅም።

በዋጋ በኩል ከ2014 ጀምሮ በአውቶቡስ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ቀርቶ ክፍያው በካርድ ሆኗል። ከ2018 ወዲህ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለገውን ያህል አውቶቡስ መቀያየር ይችላል። ይህ አሠራር ይበልጥ የጠቀመው በዳር ሰፈሮች እየኖሩ ወደ ሥራ ለመሄድ ሁለትና ሦስት አውቶቡስ ለሚይዙ ሰዎች ነው።