ትልቁ ቁጥርና አካፋዩ

7 ከ1ና ከራሱ በስተቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም። እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። እስቲ እርሳሳችሁን አንሱና ይህን ጻፉ፦ 4,294,967,297። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንጨምርበት የሚገኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1640 ፌርማ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ይህም ብቸኛ ቁጥር እንደሆነ አመነ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ግምቱ 92 ዓመት ሳይፈርስ ቆየ። በ1732 ኦይለር የተባለ የስዊዝ ተወላጅ ቁጥሩ በ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አገኘ። ድርሻው 6,700,417 ነው።

እናንተ ግን የሊቅ ቃል ስለሆነ ብቻ የኦይለርንም አትቀበሉ። ማባዛት ተምራችሁ የለም እንዴ? 6,700,417ን በ641 አባዙት። ያ ትልቅ ቁጥር ከገዛ ደብተራችሁ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ምስክሩ እናንተው ናችሁ። ደህና ሁኑ።