የሌድቤሊ ድምፅና የሸክላው መዝገብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ይህ ምሳሌ በዘፈን ላይ ለብዙ ዘመን እውነት ሆኖ ኖሯል፤ ዘፋኙ ሲሞት ድምፁም አብሮት ወደ መቃብር ይወርድ ነበርና። የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን ሸክላ የመጽሐፍን ሥራ ይሠራ ጀመር። ይሁን እንጂ ድምፅ ከሞት ዳነ ማለት የድምፁ ባለቤት ተገቢውን ዋጋ አገኘ ማለት አይደለም። ይህንንም የሚያስረዳን የአሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈንና የብሉዝ ዘፋኝ የሀዲ ሌድቤተር ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ሀዲ ሌድቤተር በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ ሙሪንግስፖርት በምትባል ከተማ አጠገብ ከጥቁር ገበሬዎች ቤተሰብ ተወለደ። ዘፈንን የተማረው በትምህርት ቤት ሳይሆን ከዘመዶቹና ከጎረቤቶቹ አፍ ነው። በጎልማሳነቱም በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ፣ ዓይነ ስውር ከነበረው ስመ ጥር የብሉዝ ዘፋኝ ከሌመን ጀፈርሰን ጋራ በየመንገዱ እየዞረ ዘፍኗል። ዋና መሣሪያው ባለ 12 አውታር ጊታር ነበር። «ሌድቤሊ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት፤ ትርጓሜውም ሆዱ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ እንደ ማለት ነው።

የሕይወቱ ታሪክ ግን የዘፈን ብቻ ሳይሆን የደምም ጭምር ነው። በ1918 ሰው በመግደል ተከሶ በቴክሳስ የረዥም ጊዜ እስራት ተፈረደበት። በዚያም ሳለ ወኅኒ ቤቱን ሊጎበኝ በመጣው በአገረ ገዢው በፓት ኔፍ ፊት ምሕረት የሚለምን ዘፈን አቀረበ፤ አገረ ገዢውም በ1925 ሥልጣኑን ሊያስረክብ በተቃረበበት ጊዜ ምሕረት አደረገለት። ነገር ግን ጠብ ከሌድቤሊ አልራቀም። በ1930 በግድያ ሙከራ ተፈርዶበት በሉዊዚያና «አንጎላ» ወደሚባለው ሰፊ የእርሻ ወኅኒ ቤት ተላከ። ይህንን ማንሣታችን ጥፋቱን ለማግዘፍም ለመሸፈንም አይደለም፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው በዚያ ግንብ ውስጥ ስለሆነ ነው።

በ1933 ጆን ሎማክስ የተባለ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ አለን ከሚባለው የ18 ዓመት ልጁ ጋራ ወደ አንጎላ መጣ። ሁለቱም የሚሠሩት በዋሺንግተን ለሚገኘው ለኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ነበር። በመኪናቸውም ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ ጭነው ይዞሩ ነበር። ወኅኒ ቤቶችን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ራዲዮና የገበያ ሸክላ ያልደረሰበት የጥንት ዘፈን ከዓለም ተለይተው በሚኖሩ እስረኞች ዘንድ ሳይበረዝ ይገኛል ብለው ያምኑ ነበር። ሌድቤሊንም ባገኙት ጊዜ ያላሰቡት ሀብት ገጠማቸው። ይህ ሰው የጥጥ ለቃሚዎችን፣ የእንጨት ቆራጮችን፣ የሕፃናትን፣ የቤተ ክርስቲያንንና የጭፈራን ዘፈኖች ሁሉ በቃሉ ይዞ ተገኘ።

በጁላይ 1934 ሎማክስ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ሌድቤሊ «ደኅና እደሪ፣ አይሪን» የሚባለውን፣ ከአጎቱ የተማረውን ዘፈን በአንድ ወገን፣ ለአገረ ገዢው ለኦስካር አለን ያቀረበውን የምሕረት ልመና ደግሞ በሌላው ወገን በሸክላ አስቀረጸ፤ ሎማክስም ሸክላውን ወደ አገረ ገዢው ቢሮ ወሰደው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በኦገስት 1 ቀን፣ ሌድቤሊ ተፈታ። ከዚህም የተነሣ «ዘፋኙ ሁለት ጊዜ በድምፁ ከወኅኒ ወጣ» የሚል ወሬ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ።

የጽሕፈት ቤት ሰዎች እንደምናውቀው ግን ወሬና መዝገብ ሁልጊዜ አይስማሙም። የወኅኒ ቤቱ ሹማምንት በኋላ እንዳስረዱት ሌድቤሊ የተፈታው በዘፈኑ ምክንያት ሳይሆን፣ ሕጉ መልካም ጠባይ ላሳዩ እስረኞች በሚፈቅደው አመክሮ መሠረት ነው። የመጀመሪያው መፈታት በእርግጥ የምሕረት ውጤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተራ የሕግ አፈጻጸም ነበር። ጋዜጦች የወደዱት ግን መዝገቡን ሳይሆን ተረቱን ነው።

ይህም ተረት ዘፋኙን ጠቀመውም ጎዳውም። በ1935 መጀመሪያ ሎማክስ ወደ ኒውዮርክ ይዞት በመጣ ጊዜ ስሙ በጋዜጦች ገነነ። በዚያው ዓመት ታሪኩን በሲኒማ የዜና ፊልም ሲቀርጹት ግን ነጻ የወጣው ሰው እንደ ገና የእስረኛ ልብስ ለብሶ የራሱን ውርደት እንዲጫወት ተደረገ። ተመልካቹ የሚፈልገው ዘፋኙን ሳይሆን እስረኛውን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ሰዎች በገቢው አከፋፈል ተጣልተው ተለያዩ።

ገበያውም ፊቱን አላሳየውም። በ1935 አንድ የሸክላ ኩባንያ ከ40 የሚበልጡ ዘፈኖቹን ቢቀርጽም፣ በዚያን ጊዜ ለሽያጭ የወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ገዢ አላገኙም። የጥቁር አሜሪካውያን ከተሜዎች ጆሮ ወደ አዲሱ ስልት አዘንብሎ ስለ ነበር የሌድቤሊ አዘፋፈን ጊዜው ያለፈበት መሰላቸው። እንግዲህ ነጋዴው የናቀውን ድምፅ ማን አቆየው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ትንሽ ኩባንያ።

የዚህ ኩባንያ መሥራች በዋርሶ ተወልዶ በኒውዮርክ የኖረው ሞዝስ አሽ ነው። ከ1941 ጀምሮ የሌድቤሊን ዘፈኖች በትዕግሥት ይቀርጽ ነበር፤ መጀመሪያ ያወጣውም የሕፃናት ዘፈኖቹን ነው። በ1948 ባቋቋመው ፎክዌይስ በተባለው ኩባንያ የጸና ደንቡ፣ ሸክላው ቢሸጥም ባይሸጥም ከመዝገብ አይሰረዝም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ፍሬደሪክ ራምሴ የተባለ የሙዚቃ ጸሐፊ በቤቱ ሆኖ በቴፕ መቅረጫ ከ90 የሚበልጡ ዘፈኖቹን ቀረጸ። የቀድሞው ሸክላ በአንድ ወገኑ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለ ነበር ዘፋኙ ታሪኩን እንዲያሳጥር ይገደድ ነበር፤ ቴፑ ግን ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን በመካከል የሚያወጋውንም ጨዋታ ያዘለት። በ1953 «የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች» በሚል ስም ታተመ።

ሌድቤሊ ግን ይህን አላየም። ጡንቻን በሚያሰልል በሽታ ተይዞ በዲሴምበር 6 ቀን 1949 በኒውዮርክ ዐረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ዊቨርስ የተባሉ ዘፋኞች «አይሪን»ን ዘፍነው ለ13 ሳምንታት በአሜሪካ አንደኛ ሆነው ቆዩ። በመብቱም መዝገብ ላይ የሌድቤሊና የጆን ሎማክስ ስም ጎን ለጎን ተጽፎ ነበር። በሕይወቱ ሳለ በችግር የኖረው ሰው፣ ዘፈኑ ሚሊዮኖችን ባስደሰተበት ዓመት በመቃብር ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ባሕር ተሻገረ። በ1956 ሎኒ ዶኔገን የተባለ ብሪታንያዊ፣ ሌድቤሊ በ1934 በአርካንሳስ እስረኞች ሲዘፍኑት የሰማውን «ሮክ አይላንድ ላይን» የተባለ ዘፈን በሸክላ አስወድዶ፣ የእንግሊዝ ወጣቶች በርካሽ ጊታር ቡድን እንዲያቋቁሙ አነሣሣ። ከነሱም አንዱ በኋላ ቢትልስን የመሠረተው ጆን ሌነን ነበር። ፎክዌይስም በ1987 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ሲተላለፍ፣ የሸክላዎቹ ዝርዝር ሁሉ ሳይቀነስ ለሕዝብ እንዲቀርብ በውል ተወሰነ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ የአንድ ሕዝብ ቅርስ በዕለቱ ገበያ ብቻ ሊመዘን አይገባውም፤ ገዢ ያጣው ሸክላ ከሃያ ዓመት በኋላ የዓለምን ሙዚቃ ሊለውጥ ይችላልና። ሁለተኛ፣ መዝገብ ጠባቂ ድምፁን ሲያስቀምጥ የባለድምፁንም ስም፣ መብትና ክብር አብሮ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የሌድቤሊ ድምፅ በዋሺንግተን መደርደሪያ ላይ በደኅና ተጠብቋል፤ ሰውየው በሕይወቱ ያላገኘው ዋጋ ግን በሸክላ ሊተካ አልቻለም። ስለዚህ በቃል ያለው እንዲወረስ የምንደክም ሁሉ፣ ወራሹን ብቻ ሳይሆን አውራሹንም በሕይወት ሳለ እናስበው።

ደኅና እደሩ።