የባሕር ኮከብ ዝምድና እንዴት እንደ ታወቀ

ዛሬ የምንነግራችሁ የባሕር ኮከብን፤ የባሕር ጃርትንና ኤኪኖደርም ተብለው የሚጠሩትን ዘመዶቻቸውን ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የባሕር ኮከብ ሲያዩት ፊትና ኋላ፤ ቀኝና ግራ የለውም። አምስት ክንዶቹ ከመካከሉ ተነሥተው ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ስለዚህ የፈረንሳዩ ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን ሁሉ በአራት ታላላቅ ወገኖች ሲከፍል፤ የባሕር ኮከብን ጄሊፊሽ ከሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ጋራ በመጨረሻው ወገን አኖረው። የሁለቱም ቅርጽ ዙሪያውን የተዘረጋ ነውና ባንድ ቈጠራቸው። የኩቪዬም ስም ገናና ስለ ነበረ አከፋፈሉ ብዙ ዓመት ጸንቶ ቈየ።

ነገሩን የለወጠው የእንስሳው ሕፃንነት ነው። በ1840ዎቹ ዓመታት የበርሊኑ መምህር ዮሐንስ ሙለር በሰሜን ባሕር ወደምትገኘው ወደ ሄልጎላንድ ደሴት ሄዶ፤ የባሕሩን ውሃ በቀጭን መረብ እያጠለለ የወጣለትን በማይክሮስኮፕ ይመረምር ጀመር። ያገኛቸው እንደ መስተዋት የጠሩ እጮች ወላጆቻቸውን ከቶ አይመስሉም፤ እንደ ዓሣና እንደ ሰው ቀኝና ግራ አላቸው። በ1848ም ሩዶልፍ ሎይካርት የውስጥ አካላቸውን አመዛዝኖ የባሕር ኮከብን ከጄሊፊሽ ለየው።

ይሁን እንጂ ሙለርም ተሳስቷል። ቶርናሪያ የተባለውን እጭ የባሕር ኮከብ ልጅ መስሎት ነበር። እርሱ በ1858 ከሞተ በኋላ፤ ሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮቭ በ1869 ያ እጭ አድጎ ባላኖግሎሱስ የሚባል የባሕር ትል እንደሚሆን ገለጸ። (ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል በማጥናቱ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ይኸው ሰው ነው።) ይህ ትል በጉሮሮው ጎን እንደ ዓሣ ስንጥቆች አሉት። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ የሙለር ስሕተት ራሱ ምስክር ሆነ። የኮከቡና የትሉ ልጆች እንዲህ ያለውን መርማሪ እስኪያሳስቱ ድረስ ከተመሳሰሉ፤ ወላጆቹ ሊዛመዱ ይገባል። ትሉ ደግሞ አከርካሪ ላላቸው እንስሳት ቅርብ ነው፤ ሰውም ከነዚሁ አንዱ ነው።

በ1908 የቪየናው ሊቅ ካርል ግሮበን ሁሉንም ባንድ ታላቅ ወገን ሰበሰባቸው። በፅንሳቸው ላይ አስቀድሞ የሚከፈተው ቀዳዳ አፍ አይሆንም፤ አፋቸው በኋላ ይከፈታል። በ2006 የባሕር ጃርት ዘረ መል ተነቦ ሲታተምም፤ ከነፍሳት ይልቅ ለሰው የቀረበ ዘመድ መሆኑ ተረጋገጠ።

በ2023 ደግሞ የካሊፎርኒያ መርማሪዎች በሌሎች እንስሳት ራስን የሚሠሩት ዘረ መሎች በባሕር ኮከብ ቆዳ ላይ እስከ ክንዶቹ ጫፍ ሲሠሩ አገኙ፤ ከራስ በታች ያለውን ግንድ የሚሠሩት ግን ከቆዳው ላይ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ክንድ ስንለው የኖርነው የራስ ክፍል ሳይሆን አይቀርም።