ገጀራና እጀታው፦ በእጃችን ስለኖረ መሣሪያ የተደረገ አጭር የታሪክ ቅኝት

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ በአብዛኛው የሚጻፈው ስለተሸጠው ቡና ብዛት፣ ስለተገነቡት መጋዘኖችና ለአባላት ስለተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ቡናው መጋዘን ከመድረሱ በፊት ማሳው መጠረግ አለበት፤ ማሳው የሚጠረገው ደግሞ በገጀራ ነው። ስለዚህ መሣሪያ በመጽሔታችንም ሆነ በሥልጠናዎቻችን ብዙም ተነግሮ አያውቅም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ የገጀራን፣ በተለይም የእጀታውን ታሪክ በአጭሩ ለመዳሰስ እሞክራለሁ።

ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ የራሴ ስህተት ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት በተመደብኩበት የመጀመሪያ ክረምት የቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር ከነጋዴ አዳዲስ ገጀራዎችን ገዝቶ ለአባላት ሲያከፋፍል በርትቼ ካስተባበሩት አንዱ ነበርኩ። የገጀራዎቹ ብረት ጥሩ ነበር፤ እጀታቸው ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር። በነሐሴ ዝናብ ማሳ ሲጠረግ አንድ አባል ገጀራው ከእጁ አሟልጮ ቅልጥሙን መታው። በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። እግሩ ድኖ ቢነሳም ያን ዓመት ማሳውን ጠርጎ አልጨረሰም፤ የቀረውን ጎረቤቶቹ በደቦ ጠረጉለት። እኔ በዚያው ወር በላክሁት ሪፖርት ላይ «የተሻሻለ የእጅ መሣሪያ ተሰራጭቷል» ብዬ ጽፌ ነበር። ስለ አደጋው የጻፍኩት አንድም ቃል አልነበረም።

በኋላ የተጎዳውን አባል ልጠይቅ ስሄድ ጎረቤቱ የሆኑ አንድ አዛውንት አገኘሁ። የእሳቸው ገጀራ ከተከፋፈሉት አንዱ ነበር፤ ፕላስቲኩ ግን የለም። በምትኩ ወይራ ገብቶለት፣ ጫፉ ላይ እንደ እብጠት ተትቶ፣ መሐሉ በከመነዳሪ ተጠምጥሟል። «አባቴ፣ ይህን ማን ሠራልዎ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ብረቱን ከገበያ ትገዛለህ፤ እጀታውን ግን የእጅህ ባለቤት አንተ ነህና ራስህ ታበጃለህ» አሉኝ። ያን ዕለት ከእሳቸው የተማርኩት ነገር ወደ ኋላ ሄጄ ታሪኩን እንዳጠያይቅ አነሳሳኝ።

ከቀጥቃጩ ቤት የወጣው ገጀራ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጀራ የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። ቀደም ባለው ጊዜ ብረቱ ራሱ ከድንጋይና ከአፈር እየተነጠረ ይወጣ ነበር። ከዚያም በከሰል ፍም ላይ በወናፍ እየጋለ፣ በጉጠት እየተያዘ፣ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሠራል። ከስለቱ በስተኋላ እንደ ጭራ የሚሾል ብረት ይቀርለታል። ይህ ጭራ በእሳት ግሎ ቀድሞ በተበሳ እንጨት ወይም ቀንድ ውስጥ ይሰካል፤ አንዳንዴም ዙሪያው በእርጥብ ጠፍር ይጠመጠማል። ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። ምስማርም ሆነ ሙጫ ሳያስፈልግ ለዓመታት ያገለግላል።

ውጭ አገር የተሠራ ብረት በብዛት መግባት ከጀመረ በኋላ ንጥሩ ቀስ በቀስ እየቀረ ሄደ። ቀጥቃጮቻችንም ወደ ቁርጥራጭ ብረት ዞሩ። ከሁሉም የተወደደው የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ምክንያቱም እየተለመጠ የሚመለስ፣ ስለት የሚይዝና በቀላሉ የማይሰበር ብረት ስለሆነ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ብልሃት አይደለም። የኔፓል ቀጥቃጮችም ኩኩሪ የተባለውን ታዋቂ ቢላቸውን ከባሌስትራ ይሠሩታል፤ በእጀታው መሐል ላይም እጅ እንዳይንሸራተት ቀለበት መሰል ጉብታ ያወጡለታል።

እዚህ ላይ ሳይነሳ የማይታለፍ መራራ ታሪክ አለ። ማረሻውን፣ መጥረቢያውንና ገጀራውን የሠራልን ባለ እጅ ለብዙ ዘመን ሲሰደብና ሲገለል ኖሯል። አብሮት የማይበላ፣ ልጁን የማይድርለት ብዙ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ልማዱ ከየአካባቢው ጨርሶ ጠፍቷል ለማለት አያስደፍርም። ወደዚህ ጉዳይ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ገጀራ

የፋብሪካው ገጀራ ታሪክ ከስኳርና ከቡና እርሻዎች ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1826 የተቋቋመው የኮሊንስ ኩባንያ መጀመሪያ መጥረቢያ ይሠራ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን ገጀራ እየሠራ ወደ ላቲን አሜሪካ መላክ ጀመረ። ገበያው እጅግ ከመስፋቱ የተነሳ በአንዳንድ የመካከለኛው አሜሪካ አካባቢዎች ገጀራ የሚጠራው በኩባንያው ስም ሆነ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘጋ። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ፋብሪካዎችም ለቅኝ ግዛቶቻቸው ገጀራ ያመርቱ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን መሣሪያውን «ፓንጋ» ይሉታል።

ፋብሪካው ያመጣው ትልቅ ለውጥ ብረቱን ከዝርግ ላሜራ አንድ ወጥ አድርጎ መቁረጡ ነው። በጭራው ፋንታ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት እንጨት ወይም ፕላስቲክ ተለጥፎበት በምስማር ይመታል። በዚህ አሠራር ብረቱ ከእጀታው ተነቅሎ የሚበርበት አደጋ በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን አንድ ነገር ጠፋ። ቀጥቃጩና አናጢው የሚሠሩት ለሚያውቁት ሰው እጅ ነበር። ፋብሪካው ግን የማንንም እጅ ሳያውቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት እጀታ ሠራ።

ገጀራ መጥፎ ስም ያተረፈበትም ጊዜ አለ። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ በተፈጸመው የዘር ፍጅት የእርሻ መሣሪያው የግድያ መሣሪያ ሆኗል። የእኛ ገበሬ ግን ገጀራውን ሲያነሳ የሚያስበው ቡናውን፣ እንሰቱንና ጓሮውን ነው።

እጀታው ለምን ይበጃል?

ገጀራ ሲወረወር ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጎትት ከእጅ ሊያመልጥ ይፈልጋል። እጀታው ቀጭን ወይም ለስላሳ ከሆነ ሠራተኛው አጥብቆ ለመጨበጥ ይገደዳል፤ ክንዱም ቶሎ ይዝላል። የዛለ እጅ ደግሞ ስለቱን መቆጣጠር አይችልም። ጥረጋው የሚሠራው በክረምት፣ እጅ በዝናብና በላብ በሚርስበት ወቅት መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል። ከአዛውንቱና ከሌሎች አባላት የተማርኩትን፣ ከትምህርት ቤት እውቀቴም ጋር ያገናዘብኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውፍረቱ በባለቤቱ እጅ ይለካ። እጀታው ሲጨበጥ የጣቶች ጫፍ የአውራ ጣትን ሥር ለመንካት ጥቂት ቢቀረው ወይም ቢነካው ልክ ነው። ጣቶች መዳፍን ከወጉ ቀጥኗል፤ ርቀው ከቀሩ ወፍሯል። በዚህ ምክንያት የአባትና የልጅ ገጀራ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ እንጨቱ ጠንካራና የደረቀ ይሁን። ወይራ ለዚህ ተመራጭ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በኋላ ስለሚኮማተር ይላላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጥላ ሥር ይድረቅ። ከተገጠመ በኋላ የተልባ ዘይት ቢቀባ ውኃ አይጠጣም።

ሦስተኛ፣ የእጀታው መጨረሻ ወደ ታች ያበጠ ይሁን። ትንሿ ጣት እዚያ ላይ ስለምታርፍ ገጀራው ሊያመልጥ ሲል ይገታዋል። በማሌዢያና በኢንዶኔዥያ ፓራንግ የተባለው ገጀራ እጀታው መጨረሻ ላይ ጎበጥና ሰፋ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ከመነዳሪ ወይም ጠፍር ከተጠመጠመ ተወጥሮ ይጠምጠም፤ ጫፉም ከሥር ይቀበር። የላላ ጥምጥም ከባዶ እጀታ የባሰ ነው። ማንጠልጠያ ገመድ የሚያስሩ አባላት አሉ፤ ነገር ግን አንጓ ላይ ጠብቆ የታሰረ ገመድ ያመለጠውን ስለት ወደ ራስ ስለሚመልሰው መጠንቀቅ ያሻል።

አምስተኛ፣ ጭራው በእሳት ግሎ ሲሰካ የስለቱ ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል። ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከዘለቀ ብረቱ ይለዝባል፤ ከዚያ በኋላ በሞረድ ቢሳልም ስለት አይቆይለትም።

እጀታና የቡናችን ጤና

አንዳንድ አባላት «ይህ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ነው እንጂ ከማኅበሩ ምን አገናኘው?» ሊሉ ይችላሉ። መልሱ ያለው በቡናው ግንድ ላይ ነው። ከእጅ ያፈተለከ ወይም የዞረ ገጀራ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በቡናው ግንድ ሥር ነው። የግንድ አድርቅ በሽታን የሚያመጣው ሻጋታ ወደ ተክሉ የሚገባው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ ቁስል በኩል ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ታየ። በአገራችን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአረቢካ ቡና ላይ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1993 በኡጋንዳ ተገኝቶ የሮቡስታ ቡናቸውን በሰፊው አውድሟል። የተያዘ ቡና አይድንም፤ ተነቅሎ እዚያው ቦታ ላይ መቃጠል አለበት። አባል አንድ ቡና ሲደርቅበት የሚያጣው የአንድ ዓመት ፍሬ ብቻ ሳይሆን አዲሱ ችግኝ እስኪደርስ ያሉትን ዓመታት ጭምር ነው።

የእንሰት አጠውልግ በሽታም እንዲሁ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ተለይቶ ታውቋል። ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚያዛምተው ደግሞ ቢላችንና ገጀራችን ነው።

ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል እንጂ በገጀራ አይመታ። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲታለፍ ስለቱ ከአፈርና ከተክል ፈሳሽ ይጽዳ፤ ከዚያም በእሳት ነበልባል ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። በደቦ ስንሠራ አሥርና ሃያ ገጀራ ከማሳ ማሳ ስለሚዞር ይህ ጥንቃቄ የአንድ አባል ብቻ ሊሆን አይችልም። ከመነዳሪ የተጠመጠመበት እጀታ በእሳት ስለማይለበለብ ጥምጥሙ ከስለቱ ራቅ ብሎ ይጀምር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የምንረዳው ጥሩ ብረት ከየትም ሊመጣ እንደሚችል፣ ጥሩ እጀታ ግን የሚሠራው እጁ ባለበት አካባቢ መሆኑን ነው። ከዚህ አኳያ ለዩኒየናችንና ለመሠረታዊ ማኅበራት አመራሮች አንድ ሐሳብ ማቅረብ እወዳለሁ። ለአባላት ገጀራ ሲገዛ ዋጋውና ብዛቱ ብቻ አይታይ፤ ጥቂቱ አስቀድሞ በእርጥብ እጅ ተሞክሮ ይገዛ። የእጀታውን ሥራ ደግሞ በየቀበሌው ላሉ ቀጥቃጮችና አናጢዎች በውል ብንሰጥ አባላት ለእጃቸው የተለካ መሣሪያ ያገኛሉ፤ ባለ እጆቹም የማያቋርጥ ገቢ ያገኛሉ። ብዙዎቹ የቡና ማሳ ስለሌላቸው የማኅበራችን አባል አይደሉም። ከትርፉም፣ ከስብሰባውም፣ ከዚህ በዓልም ውጭ ናቸው። ቡናችን የሚጠረግበትን ብረት የሚሞርዱልን ግን እነርሱ ናቸው።

በሚቀጥለው የጥረጋ ወቅት የእኔ ሪፖርት ስንት ገጀራ እንደተሰራጨ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው እንደተጎዳና ስንት ቡና እንደቆሰለም የሚገልጽ ይሆናል። አባላትም ስለዚሁ ስጠይቃችሁ ሳትደብቁ እንድትነግሩኝ አደራ እላለሁ።

ለዩኒየናችን አባላት፣ አመራሮችና ሠራተኞች በሙሉ እንኳን ለምሥረታ በዓላችን አደረሳችሁ!